ያልጠበቀው ብሎን

ጥር 6

ዳቦውን ለየሱቁ አከፋፍዬ ስመለስ የውድድር መኪናችን ሞተር ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ትንሽ ነገር ነው... ከአሮጌ የቤት መኪና የተነቀለ። አባባ፣ የባሌ አባት፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይዞሩታል። ዕድሜያቸውን ሁሉ ጋራዥ ነው የኖሩት። ሲሊንደሩ ሰፍቶ መጥቷል። ፒስተኖቹ አዲስ ናቸው፣ ካርቡራተሩም ከአምናው ይበልጣል።

«ዘንድሮ ትበሪያለሽ» አሉኝ። «አምናማ ኤሊም ጥሩምባ ነፍታብሽ አልፋለች።»

ሳቅን። ባሌም ብየዳውን አቁሞ ሳቀ። መኪናዋን ሦስታችን ነን የገጣጠምናት። እሱ ብረቱን፣ አባባ ሞተሩን፣ እኔ ደግሞ መሪውን። በርካሽ መኪኖች ውድድር ውስጥ ከኛ የረከሰች የለችም።

እንደምፈራ ግን አንዳቸውም አያውቁም። መነሻው መስመር ላይ ሁሌም ምራቄ ይደርቃል። ከዚህ በላይ ስትፈጥንማ ምን ልሆን ነው?

ጥር 10

አባባ በግራ እጃቸው የያዙትን የብሎን ቁልፍ ሲፈልጉ ቆዩ። «እጅዎ ላይ ነው» ስላቸው ራሳቸውም ሳቁ። በኋላ ግን ትናንት ያጠቧቸውን ፒስተኖች እንደገና ቤንዚን ውስጥ ነከሯቸው።

«ትናንት አጥበዋቸዋል እኮ አባባ።»

«ማን? እኔ?»



ጥር 12

ለባሌ ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር።

«ሰው አይረሳም? አንቺ ስልክሽን ስንቴ ነው የምትረሺው?»

«ስልኬ አይፈነዳም።»

«አባቴን ያለ ዕድሜው ልታስረጂው ነው እንዴ?» ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

እሱም ፈርቷል መሰለኝ። የፈራ ሰው ነው እንዲህ የሚቆጣው።

ጥር 16

የሞተሩ ታችኛው ክፍል ተዘጋ። አባባ ፒስተኖቹን ከሥር የሚይዙትን ክንዶች፣ ቢዬላዎቹን፣ ሲያስሩ አጠገባቸው ነበርኩ። መሃል ላይ ጎረቤት መጥቶ በወሬ ያዛቸው። ሲመለሱ ከየትኛው ቀጠሉ? አላየሁም... ወይስ አይቻለሁ?

«ሁሉም ጠብቋል አባባ?»

«አንቺ ሳትወለጂ ነው ሞተር መዝጋት የጀመርኩት!»

አምና የአንዱ ተወዳዳሪ ቢዬላ ተበጥሶ ሞተሩን በስቶ ወጣ። ዘይቱ ጎማው ሥር ፈሰሰ፣ መኪናው ተገለበጠ። ሰውዬው እስካሁን በክራንች ነው የሚሄደው። የኛ ሞተር ደግሞ ከጉልበቶቼ ፊት ነው ያለው። በመሃላችን አንድ ስስ ቆርቆሮ...

ጥር 18



አባባ ፀጉር ሊቆረጡ ወጡ። ባሌ ሥራ ላይ ነው። ሞተሩን በጎኑ አጋድሜ የዘይቱን መያዣ ፈታሁ፣ እንደ ሌባ በሩን በሩን እያየሁ። የመጀመሪያው ቢዬላ ጥብቅ ነው። ሁለተኛውም ጥብቅ። እፎይ ልል ስል ሦስተኛው ላይ አንዷ ብሎን በጣቴ ዞረች። በጣቴ!



«ምን ጠፋብሽ?»

አባባ። ጢማቸውን ተላጭተው በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ መጡ?

ጎንበስ ብለው ብሎኗን ነኩ። ዞረች።

«ይቺን ማን ፈታት?»

«እኔ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «እንዲሁ... ስነካካ።»

ተቆጡ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ተቆጥተውኝ አያውቁም። «ያልሠራሽውን አትንኪ! ሕይወትሽ እኮ ነው!»

አዎ፣ ሕይወቴ ነው። ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ጥር 19

እንቅልፍ የለም። ሌላስ ምን ረስተው ይሆን? ቫልቮቹስ? ፍሬኑስ?

ጥር 21

አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሞተሩን አልነኩትም።

«አንቺ አልፈታሻትም» አሉ።

የዳቦውን ቅርጫት አስቀመጥኩ።

«አጠገብሽ የነበረው የዘይት መያዣውን የሚፈታው ቁልፍ ብቻ ነው። ለዚያች ብሎን አይሆንም። በጥርስሽ ነው የፈታሻት?»

ልስቅ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን አየሁ።

«ያን ዕለት ከፀጉር ቤቱ ስወጣ መንገዱ ጠፋኝ» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት የሄድኩበት መንገድ። የማውቀው ሰው እስኪያልፍ ቆሜ ጠበቅኩ... ለልጄ እንዳትነግሪው።»

«እነግረዋለሁ አባባ።»

ከበርጩማው ተነሱ። «እንግዲያው እኔ ባለሁበት ንገሪው።»

ጥር 22

ነገርነው። አልተቆጣም። ወደ ግቢ ወጣና መፋቅ የማያስፈልገውን ብረት ሲፍቅ ዋለ።

ጥር 25

ሞተሩን እንደ አዲስ ፈታነው። አባባ በርጩማቸው ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ እኔ አጠብቃለሁ። ማጥበቂያው ልኩ ደርሶ «ቀጭ» ባለ ቁጥር ባሌ ብሎኗ ላይ ለምልክት ነጭ ቀለም ጠብ ያደርጋል።

«ቀጭ ካለ በኋላ አትጨምሪ» ይሉኛል። «ብሎንም እንደ ሰው ነው፣ ሲበዛበት ይበጠሳል።»

ነጭ ያልነካት ብሎን የለችም። ፍርሃቴ ቀነሰ? የለም... አሁን የምፈራው የራሴን እጅ ነው።

የካቲት 2

ሞተሩ ተነሳ። ባሌ አጨበጨበ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለሰኝ።

የካቲት 9

ውድድሩ አለፈ።

 ቀጥታው መንገድ ላይ የሞተሩ መለኪያ መርፌ ቀዩን ሲነካ ቢዬላ ሲበጠስ የሚሰማውን ድምፅ ጠበቅኩ... አልመጣም። በሚቀጥለው ዙርም ጠበቅኩ። አልመጣም። አንዱን አለፍኩ፣ ሌላው አለፈኝ። መሃል ደረጃ ላይ ጨረስኩ። ከአምናው በብዙ ይሻላል።

አባባ አጥሩ ጋ ቆመዋል፣ ባሌ እጅጌያቸውን ይዟል።

«እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ፈራሁ አባባ። ሁሌም እፈራለሁ።» ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔም ፈርቼ ነው እዚህ አጥር ላይ የተንጠለጠልኩት።»

«እኔማ ምንም አላየሁም» አለ ባሌ። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

መኪናዋን በዳቦው መኪና ጎትተን ስንመለስ እኔ ነዳሁ። አባባ መሃላችን ተቀመጡ። ጥቂት እንደሄድን...

«የት ነው የምንሄደው?»

«ቤት ነዋ አባባ።»

«የማን ቤት?»

 ባለፈው ወር ቢሆን ባሌ ይቆጣ ነበር። አሁን ግን የአባቱን እጅ ወስዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«የኛ ነው አባዬ። ነገ ጠዋት ደግሞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«ሁላችንም?»

«ሁላችንም» አልኩ።

አሰቡበት።

«አብራችሁኝ ከሆናችሁ የማንም ቤት ይሁን» አሉና ትከሻዬን ተደግፈው ተኙ።