አባባ ለጅረቷ ያወጣላት ስም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለያካን፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያሠቃይህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ማርጋሬትና ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? የካናዳው በረዶ ደጃፋችንን ዘጋው ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ አሁንስ ቀለጠላችሁ? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። አባባ ሰማንያ ሦስት ሞላው፤ ዳገት ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል እንጂ ምላሱ እንደሆነ የድሮው ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። ባለፈው ወር ኤልስፔት የምትባል ልጅ ከኤድንብራ መጥታ ነበር። ሥራዋ የጅረቱንና የጉብታውን ስም ከነትርጉሙ ከሽማግሌ አፍ እየለቀመች ለአዲስ ካርታ ማዘጋጀት ነው። እኔማ መጀመሪያ ሥራ ያጣች ብዬ ስቄባታለሁ። በኋላ ግን ሽመናዬን ጥዬ ተከታይዋ ሆንኩ። ለካ ዕድሜ ልካችንን ስንጠራው ከኖርነው ስም አንዱንም ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም!

ክኖክ ቡይን አስበው። ቢጫው ጉብታ እያልን አደግን፤ ቢጫ ሆኖ ግን አይተኸው ታውቃለህ? ከመንገዱ ሲያዩት እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነው። ኤልስፔትም "ስሙ ተሳስቶ እንዳይሆን?" ብትለው አባባ ቱግ አለ። "አንቺ ልጅ፣ ስም ያወጡለት መንገድ ዳር ቆመው መሰለሽ? መንገዱ የትናንት ነው! ነይ ተከተይኝ" አለና፣ ሴቶቹ ድሮ በበጋ ላሞቻቸውን ይዘው ይሰነብቱበት ወደነበረው መስክ ወሰደን። እዚያ ሆነን ዞር ስንል፣ ፀሐይ ሣሩን መትቶት ጉብታው ቢጫ ሆኖ ቁጭ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የወተት ጅረት የምንለውም ውሃው ስለነጣ አይደለም፤ የወተት ዕቃቸውን ያጥቡበት ስለነበር ነው።

ስንመለስ ከሰፈሩ መውጫ ያለችው ጅረት ጋ ደረስን። ስም የላትም፤ "ትንሿ" ነው የምንላት። ኤልስፔት እርሳሷን አንስታ "የዚችስ?" አለችው። አባባ "የያካን ጅረት" አላት።

ወንድሜ፣ ያንተን ስም! መሬቱን ትተህ ሄድክ ብሎ ከተቀየመህ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ስምህን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም፤ "ያ ልጅ" ነው የሚልህ። የሄድክ ዕለት ማገዶ ልቆርጥ ነው ብሎ ሳይሰናበትህ መውጣቱን አትረሳውም። ለካ ክኖክ ቡይ ላይ ወጥቶ ሲያይህ ነበር! "ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ እዚህ ጋ ተሻገረ። አንዴ ዞር አለ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም" አላት። እኔ ልጁ አጠገቡ እየኖርኩ ያልነገረኝን ለእንግዳ! ተናደድኩም፣ አለቀስኩም።

ጎረቤታችን ቀዩ ሙርዶ ወሬውን ሰምቶ በማግስቱ ከተፍ አለ። ታውቀው የለ፣ ምላሱ አያርፍም። አባባን "ቶርሞድ፣ በእኛ አገር ጅረት በሰው ስም የሚጠራው ሰውየው ሲሰምጥበት ነው። ልጅህን በቁሙ ልትቀብረው ነው እንዴ?" አለው። አባባ "አርፈህ ሻይህን ጠጣ" ብሎ ዝም አሰኘው፤ ሙርዶ ከሄደ በኋላ ግን ድንቹንም አሳውንም ሳይነካ ዋለ። ስሙ ይሰረዝ ግን አላለም።

ካርታው ከበጋው በኋላ ይታተማል። ያኔ የልጅ ልጆቻችን "ያካን የሰመጠው የቱ ጋ ነው?" ማለታቸው አይቀርም። አንተ በእግርህ ስትሻገራት ሰፈሩ ካየ ግን የሚያወሩት ሌላ ይሆናል። አባባ ዓይኑ ሳይከደን ና፣ ወንድምዬ። ሌላ ምን እላለሁ።

ማርጋሬትን ስማሻለች በልልኝ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ ሳምልኝ። ባለቤቴ ኢየን እጅ ነስቷል። ልጄ ሺና የካናዳ ቴምብር አትርሳብኝ ትላለች። ሙርዶም ሳይቀር ሰላም ብሎሃል። አባባ ሰላም በይልኝ አላለም። አሁን ይህን ስጽፍ ግን አጠገቤ መጥቶ ቆመና "በበጋ ውሃዋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም በይው" አለኝ።

እህትህ ኪርስቲ
ሊዊስ ደሴት፣ ማርች 11 ቀን 1969