ወደ ግራ የሚስተው ጠመንጃ

ማክሰኞ

ሳትኩት። ጎህ ሲቀድ ጅቡ ከገደሉ ወጥቶ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆሞ ነበር። በመነጽሩ ውስጥ ያለችውን መስቀለኛ ክር ብብቱ ላይ አሳረፍኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። አቧራው የተነሳው ከጅቡ ራቅ ብሎ በግራ በኩል ነው። ሁለተኛውን ሳጎርስ እንሰቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ጋሽ ሽፋ ከኋላዬ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ትንሿን ልጃቸውን ሙሚናን ከደጃፍ የወሰደባቸው ይኸው ጅብ ነው። የተገኘው ቀሚሷ ብቻ ነው። እኔው የሰፋሁት። "አላህ ካላለ አይሆንም፣ ወልዴ" ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮንጎ ዘምቶ የመጣ ተኳሽ ነው ብለው ነው የጠሩኝ። ቡታጅራ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ስንት ዘመኔ! ጠመንጃው የባላባታችን የፊታውራሪ ነው፤ መነጽር የተገጠመለት የፈረንጅ አደን ጠመንጃ፣ ለወጉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ። ሲያውሱን "እንዳትጭሩት" ብቻ አሉ።

ረቡዕ

ጠመንጃው ይሁን እኔ፣ መለየት አለብኝ። ወረቀት ላይ በከሰል ክብ ሠርቼ ወንዙ ዳር ካለው ናዳ ላይ ሰካሁ። ጠመንጃውን አፈር የሞላ ጆንያ ላይ አስደግፌ ሦስት ተኮስኩ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወረቀቱን ጭራሽ አላገኘውም። እጄ ነው አልኩ። ዕድሜ ነው።

ለባለቤቴ ለወርቄ ስነግራት "ክር በመርፌ ቀዳዳ በአንዴ የሚያስገባ እጅ ነው ዛሬ የተንቀጠቀጠው? ዕቃውን እየው እንጂ!" አለችኝ። ተናደድኩ። ግን አየሁት። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የያዙት ብሎኖች በጣት ይዞራሉ! በተኮስኩ ቁጥር መነጽሩ ይንሸራተታል ማለት ነው። በስፌት መኪናዬ ካቻቪቴ ጥርቅም አድርጌ አሰርኳቸው።

ሐሙስ

ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስቱም ጥይት አንድ ቦታ አረፉ፤ በመዳፍ ይሸፈናሉ። ግን ከክቡ ስንዝር ያህል ወደ ግራ። ቢያንስ በሽታው ታወቀ።

ከመነጽሩ ጎን ያለችውን ክዳን ከፈትኩ። ውስጧ ትንሽ መዘውር አለች፣ ከጎኗ ቀስትና የፈረንጅ ፊደል። ቀስቱ ክሯ የምትሄድበትን ያሳያል ብዬ ወደ ግራ አዞርኩ። ጥይቱ ይባስ ብሎ ወደ ግራ ሸሸ። ለካ የሚያሳየው ጥይቱ የሚሄድበትን ነው! መልሼ ወደ ቀኝ አዞርኩና ተኮስኩ። ንቅንቅ የለም። ጥይቱ ደግሞ እያለቀ ነው። ቁጭ ብዬ ሳስብ ኮንጎ እያለን የሃምሳ አለቃችን ካዞረ በኋላ መነጽሩን በእንጨት ቆርቆር ያደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ የተጣበቀው እንዲላቀቅ። በመቀሴ እጀታ ቆርቆር አደረግኩት።

ልሞክር ስል ጩኸት ሰማሁ።

ከድርን ነከሰው። የጋሽ ሽፋን የበኩር ልጅ። በጠራራ ፀሐይ፣ እንሰት ሲተክል። ጅብ በቀን ሰው መሐል አይገባም። ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር፣ ሲደበድቡትም አልሸሸም አሉ። አብዷል። ማክሰኞ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ

ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አርብ

ክሊኒክ ዋልን። ድሬሰሩ የከድርን ክንድ በሳሙናና በውሃ ደጋግሞ አጠበ። "የእብድ ውሻ በሽታ መርፌ እኛ ጋ የለም፤ አዲስ አበባ ነው" አለ። ከድር ከእናቱ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረ። በመስኮት ብቅ ብሎ "ጋሽ ወልዴ፣ እኔም እንደሱ አብድ ይሆን?" አለኝ። "አታብድም" አልኩት። ምን አውቄ?

ድሬሰሩ የጅቡ ጭንቅላት ለምርመራ ስለሚፈለግ እንዳልመታው አስጠንቅቆኛል። የቀረኝ ሁለት ጥይት ነው።

"አንዱን ወረቀት ላይ ልታባክነው?" አሉ ጋሽ ሽፋ።

"ካልሞከርኩት አላምነውም።"

ጆንያውን አስተካከሉልኝ። "እንግዲያው ተኩስ።"

የክቡን መሐል መታሁ። ክዳኗን መልሼ ገጠምኩ።

ቅዳሜ

ተገኘ። ረፋድ ላይ ገደሉ አፋፍ፣ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ይዞራል። የመንደሩ ሰዎች ዛፍ ላይ ወጥተዋል። ተንበርክኬ ጠመንጃውን ጉቶ ላይ አስደገፍኩ። አንዴ ዞሮ አየኝ። ጎኑን እስኪሰጠኝ ጠበቅኩ። ብብቱ ሥር። እዚያው ተቀመጠ፣ ከዚያ ተጋደመ።

ማንም እልል አላለም። ጋሽ ሽፋ ቀረብ ብለው ቆዩ። ሆዱን ነው የሚያዩት። ፊቴን አዞርኩ።

ጭንቅላቱን ድሬሰሩ በጓንት ቆርጦ ክዳን ባለው ጣሳ አሸገው፤ የቀረውን አቃጠልነው። ጋሽ ሽፋ ጣሳውን ይዘው በከሰዓቱ መኪና አዲስ አበባ ሄዱ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነበር፤ አንድም ቃል አልሰማሁ። ጠመንጃውን መለስኩ። ፊታውራሪ ሰደፉን እያገላበጡ ጭረት ፈለጉ። ስለ ከድር አልጠየቁም።

ሰኞ

ስልክ ቤት ተጠራሁ። ጋሽ ሽፋ ናቸው፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። መርፌውን ጀምረውለታል፣ ሆዱ ላይ፣ በየቀኑ።

"ይድናል ወይ?" አልኩ።

"በጊዜ ደርሳችኋል ነው የሚሉን። እናቱ ግን እንቅልፍ የላትም። በሽታው የያዘው ሰው ውሃ ይፈራል ብለዋታል። ውሃ በሰጠችው ቁጥር ጉሮሮውን ነው የምታየው።"

"ታዲያ ይጠጣል?"

"እስካሁን ይጠጣል" አሉ።