ማንም ስለማያነጥስበት ወፍጮ

ለክቡር ግራዝማች ዋኘው
የከተማው የገበያና የምግብ ንግድ ተቆጣጣሪ ሹም
ጎንደር

ታኅሣሥ ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደሚያዩት በዚህ ዓመት ጎንደር ላይ ሆኖ የሰው ጤና መጠየቅ ትርፍ ቃል መሆኑ ቀርቷል። ሆድዎ እንዴት ሰነበተ? እጅዎ ብዕር እንደ ቀድሞው ይጨብጣል? ቤተ ሰብዎስ እህል ይስማማዋል?

እኔ አላምረው ኃይለ ጊዮርጊስ ነኝ። አምና መስከረም ከአዲስ አበባ የንግድ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ፣ ሕዝቡ በርበሬና ቅመም ከየት እንደሚገዛና ምን እንደሚመርጥ አጥንቼ እንዳቀርብ ሥራ የሰጡኝ ልጅ ነኝ። ከአዘዞ እስከ ቀሐ ቤት ለቤት ዞሬ፣ ውሻ አባርሮኝ፣ ጠላ ተጋብዤ፣ አርባ ገጽ ጽፌ አስረክቤአለሁ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ግን ዛሬ ሳስበው እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የከተማው ሕዝብ በቤት ከሚዘጋጀው ጠቆር ያለ በርበሬ ይልቅ ተፈጭቶ በቆርቆሮ የታሸገውን፣ ቀዩን መርጧል፤ ይህም የሥልጣኔ ምልክት ነው።» ከአርባው ገጽ መርጠው ይህችን አንዲት መስመር ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። እርሷን ይዘው የፈጸሟቸውን ነገሮች ግን በትሕትና አንድ በአንድ እንዳነሣ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ በርበሬ በጆንያ ዘርግተው ይሸጡ የነበሩትን ሴቶች አቧራ ያበዛሉ ብለው አምና በጥር ከቅዳሜ ገበያ ስላስነሡልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከተነሡት አንዷ አክስቴ ወለተሩፋኤል ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጠዳ የሚመጣውን ዛላ ስትቀነጥስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ስትደልዝ፣ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ስታስፈጭ ኖራለች፤ እኔንም ያስተማረችኝ በዚያው በርበሬ ነው። አሁን እርሷም እንደ ደንበኞቿ ከባለ ወፍጮው ከአቶ ጌታው ሱቅ ቆርቆሮ እየገዛች ትበላለች። ምነው ብዬ ብጠይቃት «የኔውን ማን ይፈልገዋል ልጄ፣ ቀይ አይደለም ይሉኛል፤ ለራሴ ብቻ ብዬ ደግሞ ወገቤን አልሰብርም» አለችኝ። ቀድሞ የሱቅ በርበሬ ገዝታ የምትበላ ሴት በጎረቤት ትታማ ነበር፤ ዛሬ የምትታማው ባዶውን ቆርቆሮ ከመደርደሪያዋ ላይ ያልደረደረች ሙሽራ ናት። ሴቶቹ ቆርቆሮውን በእጃቸው መዘን አድርገው «በረከት ያለው ነው፣ ትንሽ ሆኖ ይከብዳል» ይባባላሉ። ይህንንም ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ጽፌልዎት ነበር። በርበሬ ምን ሲሆን እንደሚከብድ ግን የተማርሁት እኔ አልጠየቅሁም፤ ክቡርነትዎም አልጠየቁኝም።

ሁለተኛ፤ ከቀሐ ወንዝ ወዲያ ለተተከለው፣ ይኸው የቆርቆሮ በርበሬ ለሚፈጭበት ለአቶ ጌታው ወፍጮ ስለ ሰጡት የንጽሕና ወረቀት ነው። ክቡርነትዎ የዚህ አገር ሰው ስለ ሆኑ እንደሚያውቁት፣ በርበሬ በሚፈጭበት ደጃፍ ማንም ሳያነጥስ አያልፍም፤ ቄሱም መስቀላቸውን እንደ ያዙ፣ ሙሽራዋም በበቅሎ ላይ እንደ ተቀመጠች ያነጥሳሉ። እኔ ባለፈው መስከረም በዚያ ወፍጮ በር ላይ ከጧት እስከ ቀትር ቆሜአለሁ። ድንጋዩ ይጮኻል፣ ቀይ ብናኝ በበሩ ይወጣል፣ አንድም ሰው አላነጠሰም። አንዲት ድመት ከማጥለያው ሥር ቀይ ለብሳ ተኝታለች። በወፍጮው የሚፈጩት አያ ቢያዝን፣ ፊታቸው ሳይሸፈን፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ቀልቶ፣ «ሸጋ በርበሬ ነው፤ ዓይን አያቃጥል፣ አፍንጫ አይነካ» ብለው አመሰገኑልኝ። እኔም ሣቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገድ ላይ ቆምሁ።

ሦስተኛውን አላረዝመውም። አቶ ጌታው ከሱቃቸው በአንዱ በኩል በርበሬ፣ በሌላው በኩል ለብረትና ለቆርቆሮ ጣራ የሚቀባ ቀይ የቀለም ዱቄት ይሸጣሉ። ይህ ዱቄት በዚህ ዓመት በማኪና ከአሥመራ የገባው ካለፉት ሦስት ዓመታት ድምር ይበልጣል። ዕቃ ሲበዛ ገዥውን ፈልግ ተብዬ ስለ ተማርሁ ጣራ ልቆጥር ወጣሁ፤ ከአዘዞ እስከ አራዳ አዲስ የተቀባ ጣራ አራት አገኘሁ። አንዱ የክቡርነትዎ ነው፤ እጅግ ያምራል። የቀረው ቀለም ምን ላይ እንደ ተቀባ ቢያውቁ ይንገሩን።

አራተኛ፤ የአገራችን ሴቶች ለውበት በልጅነታቸው ድዳቸውን ይነቀሳሉ። ከዚህ ባህል የተነሣ በጥቅምት ወር ስድስት ሴቶች ሆዳቸውን እየቆረጣቸው ወደ ጤና ረዳቱ ወደ ሐብተ ማርያም ሲመጡ፣ አፋቸውን አይቶ የድዳቸውን መጥቆር ንቅሳት ነው ብሎ አለፈው፤ ኮሶ ጠጡ ብሎም መለሳቸው። አክስቴ ከስድስቱ አንዷ ነበረች። ከዚያም በሰባተኛው ቀን አያ ቢያዝን መጡ። ሐብተ ማርያም ከንፈራቸውን ገለጥ ሲያደርግ ከጥርሳቸው ሥር ሰማያዊ መስመር በቀጭኑ ተሰምሮ አየ። «አያ ቢያዝን፣ ደግሞ እርስዎን ማን ነቀሰዎት?» ብሎ ሊቀልድ ጀመረና ከንፈራቸውን እንደ ገና ገለጠ። ወንድ ድዱን አይነቀስማ። የትምህርት መጽሐፉን ሲያገላብጥ፣ ይህ መስመር በቀይ የብረት ቀለም ውስጥ ያለው፣ እርሳስ የተባለው ከባድና መርዘኛ ማዕድን ወደ ሰው ሆድ ሲገባ የሚታይ ምልክት ሆኖ አገኘው።

አያ ቢያዝን ኅዳር ስድስት ቀን ጠዳ ተቀበሩ። ባለፈው ሳምንት አርባቸው ወጥቷል፤ የተዝካሩ ሽሮ በየትኛው በርበሬ እንደ ተሠራ ለክቡርነትዎ መንገር አያሻም። ቀይ ነበር፤ ሰዉም ወደደው። የአክስቴ ቀኝ እጅ ደግሞ ከአንጓው ወዲያ ውሃ እንደ ጠማው ቅጠል ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ቆርቆሮውን ከቤቷ አውጥቼ ስጥልባት፣ በግራ እጇ ልታነሣው ስትጎነበስ አየኋት፤ ቆርቆሮው ለጨው ይሆናል አለች።

አንድ ቆርቆሮ ብቻ ከፍተው እንዲያስመረምሩልን ሦስት ጊዜ አመልክቼ፣ በመንግሥት ማኅተም የታሸገን ዕቃ መክፈት ማኅተም መስበር ነው የሚል መልስ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ይህንኑ ማኅተም በየቀኑ በቢላዋ የሚሰብሩትን የጎንደር እመቤቶች እስከ ዛሬ ባለማሰርዎም ርኅራኄዎን አደንቃለሁ። እኔ በገዛ እጄ አንዱን ወደ አዲስ አበባ ልኬአለሁ። መልሱ የሚደርሰው ከጥምቀት በኋላ ነው አሉኝ።

ጥምቀት ደግሞ ሃያ አንድ ቀን ቀርቶታል። ለበዓሉ ከደጋውም ከቆላውም የሚመጣው እንግዳ በቀሐ ድንኳን በዚሁ በርበሬ በተሠራ ወጥ እንዲስተናገድ ማዘዝዎን፣ ስድሳ ሣጥን ቆርቆሮም እዚያው መቀመጡን ሰምቻለሁ። እኔ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሹም ይሳሳታል፣ ሲነግሩት ደግሞ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን እምነቴን ስላልጣልሁ ነው የምጽፈው። ሣጥኖቹ ከድንኳኑ ይውጡ፤ ሴቶቹ ከነጆንያቸው ወደ ገበያው ይመለሱ። ካልሆነ ግን እንግዳው በየአገሩ ሲገባ፣ እኛ ያበላነውን በሆዱ ይዞ ይገባል። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በቅዳሜ ገበያ በር ለጥፌዋለሁ፤ ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብለት አያጣም።

ጤናዎን ከማንም በላይ የሚከታተል፣ ለሹመትዎ የሚሆን የሥልጣኔ ምልክት በገዛ እጁ ጽፎ የሰጠና ስለዚህም ንስሐ የገባ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
አላምረው ኃይለ ጊዮርጊስ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ባለፈው ማክሰኞ አስጠርተው «ተው ልጄ፣ አርፈህ እንጀራህን ብላ» ብለው ሲመክሩኝ፣ በመስኮቱ ብርሃን በኩል ዞረው በደግነት ሣቁልኝ። አቶ ጌታው በየወሩ ወደ ቤትዎ በስጦታ የሚልኩትን ሣጥን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ያን ዕለት ጥርስዎን ከነድድዎ በደንብ አይቼዋለሁ። ምክርዎን ተቀብዬ ከመውጣቴ በፊት ልጠይቅዎ ፈልጌ አፍሬ የተውሁት ነገር ነበር፦ ክቡርነትዎንስ ማን ነቀሰዎት?