ድምጿን ብቻ

ግንቦት 4፣ ከሰዓት
መብራት ሄደ። መጣ። ደግሞ ሄደ። ሱቁ ምድጃ ሆኗል። የአንድ ደንበኛ ስልክ ለጥገና ፈትቼ ሳለሁ ጋሼ ታደሰ በዱላቸው ደፉን እየዳበሱ ገቡ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነውታል። ሌላ ሰው አለመኖሩን ጠየቁና ቀስ ብለው ነገሩኝ። ልጃቸው ምህረት ደ/ብርሃን ሆና ስፌት የምታስተምርበት የቪዲዮ ቻናል አላት። ድምጿን መስማት ይፈልጋሉ። ስልኩን ሲነካኩት ግን የማያውቁት ሰው ቪዲዮ ተከፍቶ ይጮህባቸዋል። ካርዱንም ምስሉ ይበላዋል።

ለምን አይደውሉላትም አላልኩም። ሰፈሩ ያውቃል። የመ/ቤት ሥራዋን ትታ ቻናሉን ስትጀምር «ሙያዬን መጫወቻ አደረግሽው» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈዋል።

ግንቦት 6
ሠራሁት፣ ማስታወሻዬ! ስክሪኑ የተሰነጠቀው ላፕቶፕ የራሴ ሰርቨር ሆነ። ጥግ ተቀምጦ የምህረትን ቻናል ይጠብቃል። አዲስ ቪዲዮ ስትለቅ ድምፁን ብቻ ነጥሎ እንደ ፖድካስት፣ በጆሮ ብቻ የሚሰማ አድርጎ ያቀርባል። ጋሼ ደጄ ሲቀመጡ ስልካቸው በዋይፋዬ ራሱ ያወርዳል። እሳቸው የጆሮ ማዳመጫውን ቁልፍ መጫን ብቻ።

ሰሙ። መቀሱ ጨርቅ ሲበላ ፈገግ አሉ። ከዚያ ተከዙ። «ድምጿ ቀጠነ። አትበላም እንዴ?»

ግንቦት 11
በየቀኑ ይመጣሉ። ዛሬ ስለ ኮሌታ ነበር። ምህረት ከአባቷ እንደተማረች ተናገረች፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ መርፌ ነው አለች። ጋሼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እንባው አልቆመም። አላየሁም ብዬ ሥራዬን ያዝኩ።

ግንቦት 13
ልቤ ከበደኝ። በእኔ በኩል ሲሰሙ ምህረት ዘንድ እንደ ተመልካች አይቆጠርም። አባቷ እንደሚሰሟት አታውቅም። ሳላስፈቅድ ነው የወሰድኩት፤ የሰው ሐቅ ነው። ልጽፍላት ነው አልኳቸው። ተቆጡ። «ብትነግሪያት ደጅሽን አልረግጥም!» ተነስተው ሄዱ። ስልካቸውን እንኳ ረሱት።

ግንቦት 17
ጋሼ ቀሩ። ወንበራቸው ላይ ደንበኛ ሲቀመጥ ይከፋኛል። ልጅነት ነው።

ጠዋት በረሱት ስልካቸው ላይ አዲስ ክፍል ወርዶ አገኘሁ። ከፈትኩት። ምህረት ስለ ስፌት አላወራችም። ቻናሉን ልትዘጋ ነው። ሰሚ ከሌለ ለማን ልስፋ አለች። ሱቁን ሳልቆልፍ ወደ ጋሼ ቤት ሮጥኩ።

ግንቦት 17፣ ማታ
የጠዋቱን ልጨርስ። ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙት። ደውዪላት አሉኝ። ሲጠራ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

«እኔ ነኝ… ታደሰ።» ለገዛ ልጃቸው ስማቸውን ተናገሩ!

ከወዲያ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ በልተሃል?»

በሩን መልሼ ወጣሁ።

ግንቦት 18
ምህረት ደወለችልኝ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ሳላስፈቅዳት ድምጿን መውሰዴን፣ ላፕቶፑን፣ ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አመሰገነችኝ። ቻናሉን አትዘጋም። እንዲያውም የድምፁን ሊንክ ለሁሉም እንድከፍተው ፈቀደች፤ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ፣ ምስል የሚያይበት ጊዜ የለውም አለች። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። አባቷ ከእንግዲህ በላፕቶፕ ተደብቀው እንዳይሰሟት፤ ይደውሉላት።

ጋሼ መደወል አይበቃኝም አሉ። ደ/ብርሃን ድረስ ሊሄዱ ነው። በመንገዱ ያለው የጣርማ በር ተራራ ብርድ ምን እንደሚያደርጋቸው ነገርኳቸው። ቆላ የለመደ ሰው! ጋቢ አለኝ አሉ። ብቻዎን እንዴት ልልቀቅዎ አልኳቸው። እሳቸው ጢማቸውን ማን እንደሚላጭላቸው ነው የሚያስቡት።

ቅዳሜ ሱቁ ዝግ ነው። ኢንሻ አላህ፣ አብሬያቸው እሄዳለሁ።