ትሁትን መካ ለላከው አፕ ባለቤት

ለተከበሩ የ«ኸፊፋ» የቤት ጽዳት አፕ መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለኡስታዝ አብዱልረሕማን
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ። ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ለአዲሱ ቢሮዎም የማይቋረጥ ቅዝቃዜ እመኛለሁ። ሰፊያ እባላለሁ፤ የባቲ ልጅ ነኝ፤ ከፊሌ፣ ማለትም እዚህ አገር ያስመጣኝ አሠሪ፣ የእርስዎ ኩባንያ ነው። ኩባንያዎ ከስታርታፕ ማፋጠኛ ማዕከሉ በአንደኝነት በመመረቁ እንኳን ደስ አለዎት። ከአንድ ጠባብ ክፍል ተነስታችሁ እዚህ መድረሳችሁን በየቦታው ሰማን። እኛ ሠራተኞችዎ እስካሁን በጠባብ ክፍል ስለምንኖር፣ የአነሳሳችሁን ታሪክ በሚገባ ጠብቀንላችኋል።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ማደሪያ ስለምትጋራኝ የሥራ ጓደኛዬ ስለ ትሁት ነው። ትሁት የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ጾም የማታስቀር ኦርቶዶክስ ናት፤ ክርስቲያን መሆኗም ኩባንያዎ ራሱ ባወጣላት ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ ላይ፣ ተጽፏል። አፑ ግን ሥራ እንዳናማርጥ ብሎ፣ የምንሄድበትን ቦታ የሚነግረን መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል እኔንና እሷን አንድ ላይ ላከን። ትሁት ስልኳን አይታ ክው አለች፤ «ጀርወል፣ መካ» ይላል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ እንደማይገባ ጅዳ ውስጥ የማያውቅ ከአፑ በቀር ማን አለ?

የእርዳታ ቁልፉን ተጫነች። ወዲያው ባማረ አማርኛ መልስ መጣላት፤ «ጭንቀትሽን እንረዳለን። ልትደርሺ ጥቂት ቀርቶሻል፤ በርቺ!»

«ዒሳ፣ አቁምልኝ፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ» አለችው ሾፌራችንን። ዒሳ ደግ ሱዳናዊ ነው። «ብመልስሽ አፑ ከመንገድ ወጣ ብሎ እኔንም ይዘጋኛል። እዚህ ጥላ ሥር ጠብቂን» ብሎ፣ ከመካ መግቢያው ፍተሻ በፊት ባለ ነዳጅ ማደያ አወረዳት። የሁለት ሰው ሥራ ብቻዬን ሠርቼ ስመለስ፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ ጎማ ጠጋኙ የሰጣትን ውሃ ይዛ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ አገኘናት።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ማደሪያችን በር ነው። በሩ የሚከፈተው በስልክ ነው፤ ማታ ስንመለስ የትሁት ስልክ አልከፍት አለ። አፑ «ሥራ ጥላ ጠፍታለች» ብሎ ዘግቷታል፤ ሁሩብም አስመዝግቦባታል። ሁሩብ ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ለሌላው አንባቢ ግን፣ ከአሠሪዋ የኮበለለች ተብላ ፖሊስ ባገኛት ቦታ ይዞ ወደ አገሯ የሚያባርርበት ክስ ነው። ጠዋት ሠራተኛ የነበረችውን ሴት ማታ ተፈላጊ ማድረግ፣ ማፋጠን ማለት ይህ ከሆነ በእውነት ተፋጥናችኋል።

«ሰፊያ፣ እኔ እኮ የትም አልጠፋሁም፤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ» አለችኝ። ልብሷን በፌስታል አውጥቼ ካራንቲና የሚባለው ሰፈር፣ ዘመዷ ሸዋረገድ ቤት አደረስኳት። እዚያም ደጅ ሳትወጣ፣ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እየደነገጠች ከረመች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምስጋና መቁጠር ትቻለሁ። ከማፋጠኛ ማዕከሉ በተመረቃችሁበት ቀን ስለ ደስታችን እንድናገር እኔን መርጣችሁ፣ የምናገረውንም ጽፋችሁ ሰጣችሁኝ። መድረክ ላይ ወጥቼ ዞር ስል፣ ከኋላዬ ግድግዳውን በሞላው ምስል ላይ ትሁት አምስት ኮከብ ተደርጎላት ትስቃለች። ወረቀቱን አጥፌ በማውቀው አረብኛ «ይህችን ልጅ መካ ላካችኋት፤ አልገባም ስትል ጠፋች አላችኋት። አሁን ከፖሊስ ተደብቃ ነው ያለችው» አልኩ።

እርስዎ ወዲያው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። «ማሻ አላህ! ሠራተኞቻችንን የምንሰማ ኩባንያ ማለት እኛ ነን!» ሲሉ የማዕከሉ ዳኞችም ተከትለዎት አጨበጨቡ፤ ዋንጫውንም ሰጧችሁ።

በእርግጥም ሰምተዋል። ሁሩቡ በማግስቱ ተነሳ። አፑም ተሻሻለ፤ ደንበኛ የሠራተኛዋን ሃይማኖት የሚመርጥበት ቁልፍ ተጨመረለት፤ ለመካ ብቻ ሳይሆን ለጅዳም ጭምር። ትሁት ወደ ሥራ ተመልሳ ስልኳን እያየች ጠበቀች፤ የሚጠራት ግን ጠፋ። በመጨረሻ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ያላት ኢማን የምትባል ሴት ኢቃማዋን ወደ ራሷ አዛውራ ቀጠረቻት። ትናንት ልጠይቃት ሄጄ፣ ሕፃን ትከሻዋ ላይ ተኝቶባት ነበር፤ ገና «ትሁት» ስል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቆጣችኝ። እንዲህ ደፍራ ስትቆጣ ካየኋት ቆይቼ ስለነበር ደስ አለኝ።

ቀጣዩ ኩባንያዎ ከዚህኛው በበለጠ ፍጥነት እንዲያድግ፣ እኛም በዚያ ጊዜ ሌላ አገር እንድንሆን ዱዓ እያደረግሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሰፊያ፣ ከጅዳ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ውሌ ስላለቀ ዛሬ አፑን ከስልኬ አጠፋሁት። ሲጠፋ «ለምን ትተሽን ትሄጃለሽ? ባጭሩ ንገሪን» ብሎ ጠየቀኝ። ባጭሩ ጽፌለት ነበር፤ ስድብ አልቀበልም አለኝ።