የሚቀጥለው አርብ ፊልም

ሚያዝያ 22 ቀን 1990
ሐሙስ። ወበቅ ነው፤ ንፋሱም ደክሞታል። አሰብ ሲኒማ በር ላይ የነበርነው ባለቤቱ ጋሽ ሀይደር፣ ፊልም የሚያሳየው ይልቃል፣ ባዩሽ ከነሻይ ማፍያዋ፣ እኔ።

ትኬት ቤቱን ጠርጌ ሰሌዳውን አጠብኩ። የነገውን ጻፍኩ። የህንድ ፊልም ነው፤ ስሙን ማንበብ የቻለ ስለሌለ እኔው ስም አወጣሁለት፦ «የዳኛው ምራት»። ከሥሩ «ማን ያለቅስላታል? አርብ መጥታችሁ እዩ» ብዬ ጨመርኩ። ይልቃል ሳቀብኝ።

«ሳታዪው ነው ለቅሶ ያስገባሽበት?»

ለቅሶ የሌለበት የህንድ ፊልም የት አለ?

ባዩሽ እንደ ልማዷ «ምን ይላል?» አለችኝ፤ አነበብኩላት። ማንበብ አትችልም። እኔም ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ለባዩሽ ሳነብላት ግን የተማርኩ ይመስለኛል።

ግንቦት 5
ሹፌሩ ጉግሳ ዛሬ ገባ። የፊልሙን ሳጥን ከአዲስ አበባ የሚያመጣልን እሱ ነው፤ የታየውን ይዞ ይመለሳል። ከተማው ይህን ያውቃል። ሰሌዳው ላይ የሚቀጥለው አርብ ፊልም ከተጻፈ ጉግሳ ይመጣል ማለት ነው። ሲመለስም ጋቢናው ውስጥ ሰው ይጭናል። ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እኛን ነው።

ዘንድሮ ተራው የባዩሽ ነው። ልጇ ሳምሪ ደሴ አግብታ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይሆናል አሉ። እናት ሳትኖር እንዴት ይወለዳል? ግን ታመነታለች። ነገ ልሂድ ወይስ ለሚቀጥለው?

«ከአማቷ ጋር ወር ሙሉ?» አለችኝ። «ሴትዮዋ እኮ ወጥ ላይ ጨው ስጨምር በዓይኗ ትሰፍርብኛለች።»

ሬዲዮኑ ስለ ድንበር ግጭት ያወራል። ሩቅ ነው ይላሉ። ይሁን...

ግንቦት 6
ጠዋት ጉግሳ ጭነቱን እያሰረ ጠራኝ።

«እትዬ ጥላነሽ፣ ለሚቀጥለው አርብ እንዳትጽፊ። የመኪናው ባለቤት ከእንግዲህ ወደ አሰብ አልሰድም እያለ ነው።»

ለጋሽ ሀይደር ነገርኩት። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየ።

«ጻፊ» አለ። «ባዶ ሰሌዳና የተዘጋ ሱቅ አንድ ናቸው። ዛሬ ባዶ ካዩት ነገ ሁሉም ሻንጣውን ያነሳል። ኢንሻአላህ ይመጣል።»

ጻፍኩ። የሌለ ፊልም፦ «ባሕር ማዶ ያለች ሙሽራ»። ከሥሩም ሁለት መስመር። ከጻፍኩት ሁሉ ያማረው ይህ ነበር። ምን ዋጋ አለው?

ባዩሽ መጣች። «ምን ይላል?»

አነበብኩላት።

«እንዲያማ ከሆነ ለሚቀጥለው እሄዳለሁ።»

ጉግሳ ጡሩምባ ነፋ። «እትዬ ባዩሽ፣ አይወጡም እንዴ?»

«ሳምንት።»

«ሳምንት መምጣቴን እንጃ።»

«አንተ ሁሌም እንጃ ነህ» ብላ ሳቀችበት። «ጥላዬ ጽፋዋለች እኮ።»

ጉግሳ ዞር ብሎ አየኝ። እንድናገር ጠበቀ። እኔ እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ አየሁ። ሄደ።

ግንቦት 14
አርብ። ጉግሳ አልመጣም። ሌላ መኪናም አልመጣም። ሰው ግን መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ይልቃል ያለፈውን አርብ ፊልም መልሶ አሳየ። ማንም አላጉረመረመም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ግንቦት 19
የደሴ መንገድ በጦርነቱ ተዘግቷል። አሁን ወሬ አይደለም። ስልክም ወደዚያ አይገባም። ባዩሽ ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ስታቀርብ «የታለ ጉግሳሽ?» ትለኛለች። ጉግሳሽ... የእኔ አደረገችው።

ሰሌዳው ላይ «በቅርብ ቀን» ብቻ ነው ያለው። ጋሽ ሀይደር እንዳታጠፊ ብሏል።

ግንቦት 27
ዛሬም አልነገርኳት።

ሰኔ 8
ጋሽ ሀይደር ጅቡቲ ካለ ዘመዱ ወሬ አገኘ። ዘመዱ ደሴ ደውሎ ነበር። ሳምሪ ወልዳለች። ሴት ናት፤ ደህና ናቸው። ምጡ ግን ጸንቶባት ሐኪም ቤት አድራለች። «እናቴን ምን አገኘብኝ?» እያለች ስታለቅስ ነበር አሉ። ጋሽ ሀይደር ይህንን ሲነግራት እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

ባዩሽ ብቻዋን እልል አለች። ከዚያ ቁጭ አለች። ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ አላየችውም።

ሰኔ 9
ነገርኳት። ቤቷ ሄጄ፣ ቆሜ።

«ስታነቢልኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጉግሳ ነግሮሽ?»

«ነግሮኝ። ጋሽ ሀይደር ነው ጻፊ ያለኝ።»

 ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ታዲያ ለሳምሪ ምን ልበላት? እናትሽን ሲኒማ ያዛት ልበላት?»

 ጋሽ ሀይደር አዞኛል፤ እውነት ነው። ግን ጻፊ አለኝ እንጂ ለባዩሽ አንብቢላት አላለኝም። ጆሮዋ ሥር «ተዪው፣ ዛሬውኑ ውጪ» ማለት ማንን ይገድላል? እንድትሄድ አልፈለግሁም። እሷ ከሄደች እዚያ በር ላይ ማን አለኝ? ይህንን ግን አልነገርኳትም። ለራሴም የነገርኩት አሁን ስጽፈው ነው።

ሰኔ 12
ባዩሽ ነገ በዑበይዳ ጀልባ፣ በሳምቡኩ፣ ወደ ጅቡቲ ትሄዳለች። ዑበይዳ ዒድ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዘንድሮ ዓሣውን ትቶ ሰው ያሻግራል። ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ ደሴ። ዙሪያ ጥምጥም። የጉግሳ ጋቢና ውስጥ ብትቀመጥ እኮ በማግስቱ ትገባ ነበር። መሄዷን የነገረችኝ ጎረቤታችን ሀዲያ ናት። ባዩሽ አይደለችም።

ሰኔ 13
ሳይነጋ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ዳቦና ቴምር ቋጠርኩ፤ ውሃ በጀሪካን ያዝኩ። በሲኒማው በኩል አላለፍኩም። ወደ ባሕሩ በጓሮ ወረድኩ።

ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ሰዎች በጉልበታቸው ልክ ውሃ ውስጥ ገብተው ይሳፈራሉ። ባዩሽ ቀሚሷን ሰብስባ ተራ ትጠብቃለች። ቋጠሮውን ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ውሃውንም። «ይበቃል፣ ይከብደኛል» አለች እንጂ አልመለሰችም።

«ባዩሽ፣ ይቅር በይኝ።»

ሰው እንዲህ ሲባል «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ደንቡ ነው፤ ጠላትም ይለዋል።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለችኝ። የራሷን አልጨመረችም።

ዑበይዳ እጇን ይዞ አወጣት። ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዙራ ተቀመጠች። ሞተሩ ሲነሳ እጄን አነሳሁ፤ ከኋላዋ ያለች ሌላ ሴት መለሰችልኝ።

ሳምቡኩ እስኪጠፋ ቆምኩ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ አሸዋውን አራገፍኩ፣ መልሼ አጠለቅሁ። እሷን ልትሸኝ ከወረደችው ከሀዲያ ጋር ተመለስን። የባዩሽ በር ላይ ስንደርስ ሀዲያ ከጡቷ ሥር የቤቱን ቁልፍ አውጥታ በሩ መቆለፉን ሞከረች። ባዩሽ ወጣ ስትል ቁልፏን ለእኔ ነበር የምትሰጠው።