ሰኔ ሃያ አንድን ያዝልኝ

ጥር 6 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ካርድ ታገኛለህ። ከማየትህ በፊት ቁጭ በል።

አዎ፣ ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ሙሽራው ያው የምታውቀው ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው ነው። ባለፈው በስልክ ስነግርህ፣ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይላል? ካልቀረልሽ ድምፅ ሳታሰሙ ተጋቡ» አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። አልቅሼ ሲወጣልኝ ግን ተናደድኩ። የሰው ልብስ አጥቤና ተኩሼ ሁለት ልጅ ያሳደግኩ ሴትዮ፣ ደስታዬን እንደ ሌባ በጓሮ በር ላስገባ? እምቢ አልኩ።

መላውን ያመጣችው እህትህ ናት። «ዋናው ጥሪ ኋላ ይደርሳል፤ ለአሁኑ ሰው ቀኑን እንዲይዝልሽ ብቻ ካርድ እንላክ» አለችኝ። ስማችንን በትልቁ ጽፋ፣ ከሥሩ «ሰኔ ሃያ አንድን ያዙልን» ብላ አሳተመችው።

ካርዱ በተበተነ ማግስት ላውንደሪው ገበያ መሰለ። አከራያችን መጡና፣ «መነጽሬን ረስቼ ነው፤ ልጅሽን ልትድሪ ነው እንዴ?» አሉኝ። ካውያዬን እንደያዝኩ፣ «ልጄንማ ድሬያለሁ፤ ሙሽራዋ እኔ ነኝ!» አልኳቸው። ክው አሉ። ከዚያ እቅፍ አድርገው ሲስሙኝ፣ ልብስ ሊወስዱ የመጡ ደንበኞች ሁሉ አጨበጨቡልኝ።

አጎትህ ግን ቱግ ብሎ መጣ። «ገና አምስት ወር ለቀረው ሠርግ? እስከዚያ ማን ይሞት ማን ይኖር!»

«አንተ እንዳትሞትብኝ ነዋ ቀድሜ ያስያዝኩህ! ቀጠሮ ያለበት ሰው የት ይሄዳል?» ብዬ ስመልስለት ሳቁ አመለጠው። ያ «ከቁልፍ ሠሪ ጋር» እያለ ሲያሽሟጥጠኝ የከረመ ሰውዬ፣ አሁን ካርዱን ሳሎኑ ውስጥ ለጥፎታል። አሸነፍኩ ልጄ! ያለ ጠብ፣ ያለ አስታራቂ አሸነፍኩ።

ያንተን ካርድ ግን እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ አቆይቼው ነበር። ፈርቼ ነው። እህትህ ስታገባ «ዘግይታችሁ ነገራችሁኝ፤ ፈቃድ ከወራት በፊት ካልተጠየቀ አይሰጡኝም» ብለህ ቀረህ። አሁን እንግዲህ አልዘገየሁም። መምጣት ካልፈለግክ ሥራ በዛ፣ ትኬት ጠፋ አትበለኝ፤ «አልፈልግም» በለኝ፤ እችለዋለሁ። ሠርጉ እንደሆነ አይቀርም።

አባትህንም አልረሳሁም። ፎቶው ከቦታው አልተነሳም። የተሰቀለበት ሚስማር ላልቶ ሊወድቅ ሲል፣ መዶሻውን ይዞ መጥቶ ያጠበቀልኝ ቁልፍ ሠሪው ነው። ይህን ሰው ነው ያገኘሁት።

ሌላም አለ። ትናንት አጎትህ፣ «ታላቅሽ አይደለሁም? ክንድሽን ይዤ ወደ አዳራሹ የማስገባሽ እኔ ነኝ» አለኝ።

«ይቅርታ፣ ሰው አለኝ» አልኩት።

ማን እንደሆነ ቢጨቀጭቀኝም አልነገርኩትም። ሰውዬው ይህን ደብዳቤ አንብቦ እሺ ይበል አይበል ገና አላወቅኩማ።

ፈጣሪ በሄድክበት ይቅደምልህ፤ ከክፉ ይሰውርህ፤ እኔን ያየ ደስታ አንተንም ይይህ።

ሙሽራዋ እናትህ